የመተማው ማሽላ ሻገተ፣ የዳባቱ ስንዴ ግን ደህና ነው፦ ልዩነቱ ከእህሉ ነው ወይስ ከአቀማመጡ?

ጥያቄ፦ ከማራኪ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ ሲሆን፣ ለዓመት ቀለብ የሚሆን እህል በበጋ ገዝቶ እቃ ቤት ማስገባት የቤታችን ልማድ ነው። ዘንድሮ በየካቲት ወር ከመተማ በኩል የመጣ ነጭ ማሽላና ከዳባት የተገዛ ስንዴ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠን ነበር። የክፍሉ ግድግዳ ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ስንዴው በቃጫ ጆንያ ተሞልቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደረደረ። በኋላ የደረሰው ማሽላ ግን ውስጡ ላስቲክ ባለው ማዳበሪያ እንደታሰረ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ በስተኋላ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ በላይ በኩልም ቆርቆሮውን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ተደራረበ።

በነሐሴ አጋማሽ ለማስፈጨት ስንከፍተው፣ ከታች ያሉት ማዳበሪያዎች ወለሉንና ግድግዳውን በነኩበት ጎን እህሉ ተጋግሮ በእጅ የሚሰበር ሆኖ አገኘነው፤ ፍሬው ላይም አረንጓዴ ሆኖ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብናኝ ሰፍሮበታል። ከላይኛው ረድፍ ያሉት ደግሞ አፋቸው አካባቢ አንድ ጣት በሚሆን ውፍረት ነጭ ሻጋታ ይዘዋል። መሃል ላይ ያሉት ለዓይን ደህና ይመስላሉ፤ ነገር ግን ክንድ ሲገባባቸው ይሞቃሉ፣ ነቀዝም ይታይባቸዋል። ስንዴው ጥቂት ነቀዝ ከመያዙ በቀር ሽታውም መልኩም አልተለወጠም።

ቆላ ሞቃትና ደረቅ አገር ሆኖ ሳለ ከዚያ የመጣው እህል ሲሻግት ከደጋ የመጣው መትረፉ ግራ አጋብቶናል። ለከርሞስ ወደ ጭቃ ጎታ ወይም ወደ ቆርቆሮ ጎተራ ብንመለስ ይሻላል ወይስ በየገበያው የሚሸጠውን ባለ ሦስት ድርብ አየር የማያስገባ ከረጢት ብንገዛ? የሻገተውን አጥቦና በፀሐይ አድርቆ መብላትስ ይቻላል? የምታውቁ ብታስረዱን እናመሰግናለን።


መልስ፦ ከሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ጎንደር

ጠያቂያችን ሻጋታ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ጎንና በየትኛው ረድፍ እንደታየ ጽፈውልናልና መልሱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሻጋታ አንድን ክምር እህል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አይወርርም፤ ውኃ ባገኘበት ሥፍራ ይነሣል። ስለዚህ የተነሣበት ቦታ ውኃው ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። በእርስዎ እቃ ቤት ሦስት ቦታዎች ተጠቅሰዋል፤ ወለሉና ግድግዳው፣ የላይኛው ረድፍ አፍ፣ የክምሩም መሃል። እኔ እንደማየው ምክንያቱም ሦስት ዓይነት ነው።

አስቀድሞ ስለ ፈንገሶቹ ጠባይ ጥቂት ልበል። ሰብሉን ገና ማሳ ላይ ሳለ የሚይዙት እንደ ፉዛሪየምና አልተርናሪያ ያሉት ፈንገሶች ብዙ ውኃ ፈላጊ ናቸው፤ የፍሬው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ እድገታቸው ይቆማል፤ እህሉ በሚገባ ከደረቀም ጎተራ ገብተው አይቀጥሉም። በማከማቻ ውስጥ የሚነሡት አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም የሚባሉት ወገኖች ግን ለእጅም ለዓይንም ደረቅ በሚመስል እህል ላይ መኖር የሚችሉ ናቸው። ስፖራቸው፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተነው ደቃቅ ብናኛቸው፣ በአየሩ፣ በአሮጌ ጆንያ ክር፣ በጎታ ስንጥቅና በአውድማ አፈር ሁሉ ስለሚገኝ ፈንገሱ ከየት መጣ ብሎ መፈለግ እምብዛም አይጠቅምም። መፈለግ ያለበት እንዲያድግ የፈቀደለት ሁኔታ ነው።

ሁኔታውን በዋናነት የሚወስነው በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየር እርጥበት ነው። በተዘጋ ክምር ውስጥ ፍሬውና በዙሪያው ያለው አየር ውኃ እየተቀባበሉ ይመዛዘናሉ። ማሽላ፣ ስንዴና በቆሎ እርጥበታቸው ከ13 እስከ 14 በመቶ ባለው ውስጥ ሲሆን በመካከላቸው ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውኃ ውስጥ የያዘው ድርሻ) ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ በታች የማከማቻ ፈንገስ አያድግም ማለት ይቻላል። እንደ ሰሊጥና ኑግ ያሉ ቅባት ያላቸው ፍሬዎች ዘይታቸው ውኃ ስለማይዝ ያው የአየር እርጥበት የሚፈጠረው በጣም ባነሰ መጠን፣ በ7 በመቶ አካባቢ ነው፤ በማሽላ የለመደ ሰው በሰሊጥ የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ 70 በመቶን እንዳለፈ መጀመሪያ የሚነሡት ድርቀት የሚችሉ የአስፐርጊለስ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ እነርሱ ሲተነፍሱ ውኃና ሙቀት ያወጣሉ፤ ያ ውኃ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ለሚፈልገው ለአስፐርጊለስ ፍላቨስ መንገድ ይጠርጋል። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ከሚሠሩት ዋነኛው ይኸው ፍላቨስ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብናኝ ያሉት የእርሱን መልክ ይመስላል፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ ነው።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ። ሲሚንቶና ብሎኬት ከመሬት የሚወጣውን ውኃ ወደ ላይ ይስባሉ፤ በክረምት ደግሞ ይብስባቸዋል። ማዳበሪያው ላስቲክ ስላለው ውኃው በቀጥታ አልገባ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የወለሉና የግድግዳው ቅዝቃዜ ብቻውን በቂ ጥፋት ያደርሳል። እህል ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ በኩል ያለው ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በየካቲት የቆላ ፀሐይ ላይ የቆየ ማሽላ ትኩስ እንደሆነ በላስቲክ ታስሮ ወጥቶ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲጠጋ፣ ጎኑ ይበርዳል፣ መሃሉ ግን ለሳምንታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በፍሬዎቹ መካከል ያለው ሞቃት አየር የያዘውን ውኃ ወደ በረደው ጎን ተሸክሞ ሄዶ እዚያ ያራግፈዋል። ስለዚህ በአማካይ 13 በመቶ እርጥበት ያለው ማዳበሪያ አንዲት ጠብታ ከውጭ ሳይገባበት መሃሉ ከ13 ያነሰ፣ ግድግዳ የነካው ጎኑ ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ አማካዩን አያውቀውም፤ የሚያድገው 15 በሆነው ጎን ላይ ነው።

የላይኛው ረድፍ የደረሰበትም የዚሁ ዘመድ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ከውጪው አየር በታች ይበርዳል። ከእህሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣው እርጥበት በታሰረው ላስቲክ አፍ ውስጥ ያልበዋል፤ ቆርቆሮውም ራሱ ሌሊት አልቦ ጠዋት ላይ ያንጠባጥባል። አንድ ጣት የሚያህለው የሻጋታ ንብርብር ከዚያ በታች አለመውረዱ ውኃው ከላይ እንደመጣ ያመለክታል።

መሃል ላይ ያለው ሙቀት የነቀዝ ሥራ ነው ብዬ እገምታለሁ። ነቀዝ እህሉን ሲበላ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና ውኃ ይጨምራል፤ ፍሬውን በስቶ ለፈንገሱ በር ይከፍትለታል፣ ስፖሩንም በገላው ተሸክሞ ከፍሬ ወደ ፍሬ ያዛምታል። ክንድዎ ውስጡ ሲገባ የሚሰማዎት ሙቀት በቀናት ውስጥ እየጨመረ ከሄደ የመሃሉም ዕድል እንደ ዳሩ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ማዳበሪያዎቹን ፈትተው ሸራ ላይ በስሱ ዘርግተው ያናፍሱት።

ስንዴው የተረፈው ከደጋ ስለመጣ ብቻ አይደለም። ሲገባ ከክፍሉ ጋር የተቀራረበ ሙቀት ነበረው፣ ከወለሉ በርብራብ ተለይቷል፣ ጆንያውም ስለሚተነፍስ ውኃ አንድ ጎን አልተጠራቀመም። ነገር ግን ያው ጆንያ የክረምቱንም አየር ያስገባልና ከዝናቡ በኋላ የስንዴው እርጥበት በየካቲት ከነበረው ጋር አንድ ነው ብለው አይተማመኑ።


አስተያየት፦ ከእህል ነጋዴ፣ አዘዞ

ባለሙያው ያስረዱት እውነት ነው፤ ሆኖም ከቆላ የሚመጣውን ማሽላ በየዕለቱ እንደሚረከብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ በአንድ ነገርም ልለያቸው። የመተማ ማሽላ በጥርና በየካቲት ሲመጣ በጥርስ ሲነከስ የሚጮህ፣ እጅግ ደረቅ እህል ነው። እንዲህ ያለው እህል ሙቀት ይዞ ቢወጣም እንኳ ራሱን የሚያሻግት ውኃ በውስጡ ያለው አይመስለኝም። የመተማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን የመተማ አይደለም። መኪናው በጭልጋ በኩል ሲያልፍ ይጭናል፤ በዚያ አካባቢ ዘግይቶ የሚታጨድ ማሽላ አለና፣ የአንዱ ገበሬ ከሌላው፣ የኅዳሩ ከጥር ወሩ እየተቀላቀለ በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ይታሰራል። ገዢው ከላይ ያለውን አንድ ማዳበሪያ ፈትቶ አይቶ ሁሉም እንዲሁ ነው ብሎ ይወስዳል። በመሃሉ ያልደረቀ አንድ ሁለት ኩንታል ካለ ጎረቤቱን ያበላሻል።

ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ ሲገዙ በባንቡላ ያስወጉ። ባንቡላ የምንለው ጫፉ የሾለ ክፍት ብረት ነው፤ ማዳበሪያው ሳይፈታ ከመሃሉና ከታቹ እህል ቀድቶ ያወጣል። ከየማዳበሪያው መሃል የወጣውን በመዳፍዎ ይዘው ያሽትቱት፤ ያልደረቀ ማሽላ ገና ሳይሻግት ጀምሮ ጠረኑ ይለያል። ትልልቅ ገዢዎች የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ይዘው ስለሚመጡ ነጋዴው ለእነርሱ የሚያቀርበውና ለቤት ገዢ የሚያቀርበው አንድ አይደለም፤ ይህን የምለው ሥራዬን ለማማት ሳይሆን ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ ነው።

ሌላው መንገዱ ነው። እህሉ በሸራ ተሸፍኖ ሲጫን ሸራው ሥር ይታመቃል፤ ደጋ ሲደርስ ሌሊት ከሆነ ሸራው በውስጥ በኩል ያልባል። ጠዋት ሲራገፍ ከላይ ያሉት ማዳበሪያዎች እርጥብ ሆነው አገኛቸዋለሁ። እኔ እነዚያን ለብቻ አቆማቸዋለሁ፤ አፋቸውን ፈትቼ ፀሐይ ካላየሁባቸው በቀር መጋዘን አላስገባም።


አስተያየት፦ ከደንቢያ

እናንተ ስለ ማዳበሪያ ስታወሩ እኔ ስለ ጎታ ልናገር። በእኛ ቤት እህል የሚቀመጠው በጭቃ፣ በጭድና በእበት በተሠራ ጎታ ሲሆን፣ የሚቆመውም ወጥ ቤቱ አጠገብ ነው። የምድጃው ሙቀት ዙሪያውን ስለሚያደርቀውና ጭቃው ራሱ ትንሽ እርጥበት ስለሚመጥ እህሉ ሳያልብ ይከርማል። ይሁን እንጂ ጎታ የሚጠብቀው ደረቅ የገባበትን እህል ነው። የእኛ ሜዳ ለጣና ቅርብ ነውና አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ጥቅምትን አልፎ ሲዘገይ ነዶው ክምር ላይ እንዳለ ይሞቃል፤ እንዲያ ያለው እህል ተወቅቶ ጎታ ሲገባ ታቹ ይጋገራል። ጤፍ ብቻ ነው ሁሉን የሚችለው፤ ነቀዝም አይደፍረውም።

ጠያቂው መሣሪያ ከሌላቸው በጨው መሞከር ይችላሉ፤ የግብርና ሠራተኞች ያሳዩን ነው። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ወስደው እስከ ሲሶው እህል ይጨምሩበት፤ አንድ ትልቅ ማንኪያ ደቃቅ ደረቅ ጨው ያክሉና ከድነው ሁለት ደቂቃ ያህል ያንቀጥቅጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያሳርፉት። ጨው ከብርጭቆው ጎን ላይ ከተጣበቀ እህሉ አልደረቀም ማለት ነው። በክረምት ጨው ራሱ ውኃ ስለሚስብ አስቀድመው ምጣድ ላይ አሙቀው ያቀዝቅዙት፤ አለዚያ ደረቁን እህል እርጥብ ነው ይልዎታል።

ለባለሙያው ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ ብቅል ለማብቀል እህል ስንነክር አንዳንዴ ሻጋታ ሳይታይበት ግማሹ ሳይበቅል ይቀራል፤ ይህ ከአቀማመጡ ጋር ይገናኛል? ሁለተኛው፣ በእኛ ዘንድ የሻገተ እህል አይጣልም፤ ለጠላ ይሆናል፣ ካልሆነም ለከብት ይሰጣል። በእርግጥ ከጠላው ጋር ፈልቶና ተብላልቶ ጉዳቱ አይጠፋምን?


መልስ፦ ከሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ጎንደር

የአዘዞውን ወንድማችን አስተያየት እቀበላለሁ። እህሉ በእውነት 10 ወይም 11 በመቶ ደርሶ ከገባ የሙቀት ልዩነት ብቻውን እንዲህ አያሻግተውም፤ ያልደረቀ ማዳበሪያ መሃል ገብቶ ይሆናል፣ ወይም ወለሉ ከገመትሁት በላይ ሠርቷል። ሁለቱን ለመለየት ግን ቀላል መንገድ አለ፦ ግድግዳና ወለል ካልነኩት መካከል አንዱ ማዳበሪያ እስከ መሃሉ ሻግቶ ከተገኘ ጥፋቱ ከእህሉ ነው፤ የተጎዳው ቀዝቃዛ ነገር የነካው ጎን ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከክፍሉ ነው።

የጨው ሙከራውን እኔም እመክራለሁ፤ ነገር ግን የውጤቱ አተረጓጎም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጨው የሚጣበቀው እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጨው ካልተጣበቀ የምናውቀው ከ15 በታች መሆኑን ብቻ ነው፤ ክረምትን ለማሻገር ደግሞ 13 እንፈልጋለን። ጨው ካልተጣበቀ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ መጨመር አይጎዳም።

ስለ ብቅሉ የጠየቁት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ምልክት ነው። የማከማቻ ፈንገስ ከፍሬው ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚይዘው ጽንሱን ነው፤ እዚያ ቅባትና ስኳር ስላለ። ሻጋታው ለዓይን ከመታየቱ ከረጅም ጊዜ በፊት የመብቀል ኃይሉ ይወርዳል። እንግዲህ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና ስንቱ እንደበቀለ ማየት ለዘር ብቻ ሳይሆን የጎታውን ጤንነት ለማወቅም ያገለግላል። ሙቀትና እርጥበት ፈንገስ ባይኖርም እንኳ ዘርን ያስረጃሉ፤ በዘር አጠባበቅ የታወቀው ደንብ የፍሬው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል ይላል። ደባርቅና ዳባት ያለ ገብስ ዘሩን ጠብቆ የሚከርመው በከፊል በዚህ ነው። ቅዝቃዜ ግን ፈንገስን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። አፍላቶክሲን በፍጥነት የሚሠራው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ፔኒሲሊየም ደግሞ ብርድ በሆነበትም እህሉ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ያድጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ መልሱም አይጠፋም የሚል ነው። ሻጋታውና መርዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈንገሱ በፀሐይና በእሳት ይሞታል፤ የሠራው አፍላቶክሲን ግን በውኃ የማይታጠብና ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ካላገኘ እምብዛም የማይፈርስ ነው፤ ማፍላትም ሆነ እንጀራ መጋገር አያጠፋውም። ፀሐይ ላይ ማስጣት አዲስ እድገት ያቆማል፤ ያለውን መርዝ አያስወግድም። ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ከሻገተ የለውዝ መኖ የተነሣ ባለቁ ጊዜ ነው። በሰው ላይ ከደረሱት አንዱ ቅርባችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ የበሉ ሰዎች ታመው 317 ሕሙማን ተመዝግበዋል፣ ከእነርሱም 125 ሞተዋል። ይህን ያህል መጠን ባይበላም በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ከአንደኛው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል።

የእኛ እህል ነፃ ነው እንዳይባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በኢትዮጵያ ገብስ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ስንዴ ላይ የተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን ቢ1ን ከ352 ናሙናዎች በ8.8 በመቶው፣ ኦክራቶክሲን ኤ የተባለውን ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ደግሞ ከ321 ናሙናዎች በ24.3 በመቶው ውስጥ አግኝቷል። ሁለቱም መርዞች በአራቱም እህሎች ላይ ታይተዋል። እንግዲህ ጤፍ ነቀዝን ይችላል ማለት ፈንገስንም ይችላል ማለት አይደለም።

ለከብት መስጠቱም ጥፋቱን ወደ ሌላ ማሰሮ ማዛወር ነው። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን በጉበቷ ተለውጦ አፍላቶክሲን ኤም1 ሆኖ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን የሚጠጣውም ሕፃን ነው። በሻገተ እህል የተጠመቀ ጠላ አተላም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የተደረገ ጥናት ትልቁን የመርዝ ምንጭ በኑግ ፋጉሎ ውስጥ አግኝቶታል፤ እኛም ፋጉሎ እንሰጣለን።

ስለዚህ ጠያቂያችን የተጋገረውንና ብናኝ የያዘውን ለሰውም ለከብትም ሳይሉ ቆፍረው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ሲያነሡት ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ከተጋገረው አጠገብ ያለውን፣ ደህና ቢመስልም፣ አንድ ስንዝር ያህል አብረው ያንሡ። የቀረውን በሰፌድ አበጥረው፣ የተሰበረውን፣ የተበሳውንና መልኩ የጠቆረውን በእጅ ይልቀሙ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ የሚገኝ በመሆኑ መልቀም በእርግጥ ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ብዛቱ ብዙ ከሆነና ልትሸጡት ካሰባችሁ ግን ሳታስመረምሩ አትሽጡት።


ጥያቄ፦ ከማራኪ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተነገረው መሠረት ማዳበሪያዎቹን ለይተን ፈታን። ከመሃል ረድፍ የነበሩት በሙሉ ሲታዩ ሻጋታ የላቸውም፤ ከግድግዳው በኩል የተጎዳውም አንድ ጎን ብቻ ነው። እንግዲህ በባለሙያው መለኪያ ጥፋቱ ከክፍሉ ነው ማለት ነው። የቀረኝ የከረጢቱና የቆርቆሮ ጎተራው ነገር ነው። ነጋዴዎች አየር የማያስገባው ከረጢት ነቀዝንም ሻጋታንም ያለ መድኃኒት ይገላል ይላሉ። የነቀዝ ኪኒን መሃሉ ጨምሮ ማሰርስ አይቀልምን?


መልስ፦ ከሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ጎንደር

ኪኒኑን ይተዉት። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዝን ይገድላል፣ ሰውንም እንዲሁ። ሰው ከሚተኛበት ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ እቃ ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። ለሻጋታው ደግሞ እርጥበቱን ስለማይቀንስ መፍትሔ አይሆንም።

ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን የላም አተር ነቀዝን ለመከላከል ከተሠራ ሥራ ነው። አሠራሩም በውጪው ማዳበሪያ ሥር ባሉት ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ የታሰረው ነቀዝ ራሱ ኦክስጂኑን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያ መብላትና መራባት አቁሞ ይሞታል። እንግዲህ ነቀዙን ያቆማል መባሉ ትክክል ነው፤ በመሃል የነበረውን የነቀዝ ሙቀትም አብሮ ያስቀርልዎታል። ሻጋታን ይገድላል የሚለው ግን እንደተባለው አይደለም። በ13 በመቶ የገባ እህል በከረጢቱ ውስጥ 13 ሆኖ ይቆያል፤ የክረምቱ አየር አይነካውም፤ ጥቅሙ ይህ ነው። በ16 የገባ ደግሞ 16 ሆኖ ይቆያል፤ ማድረቂያ በር የለውም። ኦክስጂኑ ሲያልቅ ፈንገሱ ቢዘገይም እርሾና ባክቴሪያ ይነሡና እህሉ ይኮመጥጣል፤ ከረጢቱ ለቀለብ በተከፈተ ቁጥርም አየር ስለሚገባ ሻጋታው ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ያልደረቀ እህል ላለው ሰው ከዚህ ከረጢት ይልቅ ተራው ጆንያ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ይተነፍሳል።

የቆርቆሮ ጎተራም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ደረቅ እህል ገብቶበት ጥላ ሥር ከቆመ አይጥና ነቀዝ የማይደፍሩት ጥሩ ማከማቻ ነው። ደጅ ቆሞ የከሰዓት ፀሐይ አንድ ጎኑን ብቻ የሚመታው ከሆነ ግን በእቃ ቤትዎ ግድግዳ ላይ የሆነው በጎተራው ውስጥ በየቀኑ ይደገማል። የጭቃ ጎታውን የደንቢያዋ እህታችን በሚገባ አስረድተዋል፤ ለከተማ ቤት ቦታ መያዙና ስንጥቁ የከርሞ ነቀዝ ማደሪያ መሆኑ ነው ጉድለቱ። ከመሙላትዎ በፊት ጠርገው እንደገና ቢለስኑት ይበቃል።

ለእርስዎ ቤት እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ማሽላውን በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ይግዙ፤ በባንቡላ ያስወጉት፤ ቤት እንደደረሰ ከማዳበሪያው አውጥተው ሸራ ላይ በሁለት ጣት ውፍረት ያስጡት። ሲሰጣ በየሰዓቱ ይገለብጡት፣ ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሰብስቡት። ከፀሐይ እንዳነሡት ትኩሱን አይሰሩት፤ ጥላ ውስጥ አድሮ የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ በጠዋት ይሙሉት፤ የጨው ሙከራውንም ያን ጊዜ ያድርጉ። የዓመት ቀለብ ሆኖ ክረምትን የሚሻገረውን በባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት፣ እስከ ሰኔ የሚያልቀውን በጆንያ ያድርጉት፤ በየሳምንቱ የሚፈታ ከረጢት አየር ስለሚቀበል ገንዘቡን አያወጣም። ርብራቡ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ከግድግዳው ሰው በጎን የሚያልፍበት ያህል፣ ከቆርቆሮው ደግሞ ከዚያ የሰፋ ክፍተት ይተዉ። ከተቻለ ከጣሪያው ሥር በሰሌንም ቢሆን ኮርኒስ ያብጁለት። መስኮቱን በበጋ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ባለበት ሰዓት ይክፈቱት፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝግ ይሁን፤ ያን ጊዜ የሚገባው አየር ከሚወጣው ይልቅ እርጥብ ነው። አሮጌዎቹን ማዳበሪያዎች አጥበው በፀሐይ ካላደረቁ በቀር ለአዲሱ እህል አይጠቀሙባቸው።

ስንዴውንም ዘንድሮ መስከረም እንደጠባ አንድ ፀሐይ ያሳዩትና የያዘውን ነቀዝ በወንፊት ያውጡለት፤ ቀድሞ የሚፈጨውም እርሱ ይሁን።